ብርጭቆ የተደረደረበት አልጋ

«ጋሽ ገሪማ፣ ይሄ እኮ የልጄ አልጋ ነው።»

መነን ይህን ስትል ድምፅዋ ከድንኳኑ ጫጫታ በላይ አልወጣም። የእድሩ ንብረት ያዥ ገሪማ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ያጠበውን ብርጭቆ ሁሉ በትንሿ አልጋ የወንፊት ሽቦ ላይ ደፍቶ ደርድሮታል። ስሷ ፍራሽ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ውሃው ከሽቦው ሥር ጠብ ጠብ ይላል።

«የልጅ አልጋ ከሽቦ ይሠራል እንዴ?» አለ ገሪማ ቀና ብሎ። «የጋሽ ዘነበ ግቢ ስለሆነ ቡና ማድረቂያ መሰለኝ። ደግሞ ብታዪው፣ ብርጭቆ እንዴት እንደሚያደርቅ።»

አጠገቡ ቆጮ የሚያወርዱት ሴቶች ሳቁ። መነንም ልትስቅ ምንም አልቀራትም። የአማቷ የአቶ ዘነበ ቀብር ከተፈጸመ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የመጣው ሰው ሁሉ ስለ ሰውየው አንድ የሚያስቅ ነገር ይዞ ስለሚመጣ፣ የጪጩ መንደር እንዲህ የተሳቀበት ለቅሶ አላየችም። ግን አልጋው እዚህ ከሆነ ልጇ እንድርያስ የት ተኛ?

በእንግዳ ፊት መሮጥ አፈረች። ፈጠን ብላ ወደ ቤት ገባች።

ልጁ ጓዳ ነበር። አማቷ ወይዘሮ ወርቂቱ ፍራሽ ላይ በጎናቸው ጋደም ብለዋል። ሁለት ወር ከግማሽ የሆነውን እንድርያስን በሟች ባላቸው ጋቢ ጠቅልለው፣ ፊቱን ወደ ደረታቸው አስጠግተው አቅፈውታል። ከልጁ የሚታየው አንድ ጆሮው ብቻ ነው።

«አታንሺው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «የአያቱን ሽታ እያሸተተ ይተኛ። እኔም ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፌ መጣ።»

መነን የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። ባሏ የሞተባት ሴት ያገኘችው መጽናኛ ይኸው ነው። እንዴት ተብሎ ከክንዷ ላይ ይወሰዳል? ደግሞ ወይዘሮ ወርቂቱን እምቢ ብላ አታውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጇ ጸሐይ፣ ሦስተኛ ወሯን እንደያዘች፣ ጡት ጠብታ ጠግባ ከመነን ጎን እንደተኛች ሳትነቃ ቀረች። አልታመመችም፤ አላተኮሳትም። ያኔም ግቢው ውስጥ ድንኳን ነበረ፤ ሳቅ ግን አልነበረም። አንዷ ሴት «ተጭናት ይሆናል» አለች። ሌላዋ «ዓይን ነው» አለች። ወይዘሮ ወርቂቱ ደግሞ ቀስ ብለው «እንቅልፏ ከባድ ነው» አሉ። መነን ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሦስቱንም ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል ከአፏ ራቀ።

አቶ ዘነበ ሬኮ አካባቢ ባለ አንድ ቡና ማጠቢያ የማድረቂያ ኃላፊ ነበሩ። ጸሐይ በሞተች በሳምንቱ ኮታቸውን ለብሰው ዲላ ወረዱ። አንዲት ነርስ ፊት እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጠው፣ የደብተር ቅጠል ሙሉ ጽፈው ተመለሱ። እራት ላይ ሠራተኞቻቸውን እንደሚያዙት ቆመው ተናገሩ።

«ስሙ። ደህና ልጅ ተኝቶ ድንገት የሚሞትበት ነገር አለ። ለምን እንደሆነ ሐኪሞቹም ገና አልደረሱበትም። ዓይን የለበትም፤ ይህቺም ልጅ ያጠፋችው ነገር የለም። ሌላ የሚል ካለ ከእኔ ጋር እራት አይቀርብም።»

ወይዘሮ ወርቂቱ አቀረቀሩ። መነን ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረሰች።

እንድርያስ ሲወለድ አልጋውን ከቡና ማድረቂያ ሽቦ የሠሩት ራሳቸው ናቸው። «ቡና ከተከመረ ይታፈናል፤ ስሱን ሲሰጣ ነው የሚተነፍሰው» እያሉ እግሩን ቸነከሩ። ጠንከር ያለች ስስ ፍራሽ አነጠፉበት። ትራስ ከለከሉ፤ ጋቢ ከለከሉ። ልጁ በጀርባው፣ ለብቻው፣ ከእናቱ አልጋ አጠገብ እንዲተኛ አዘዙ።

«በጀርባው ተኝቶ ትን ቢለውስ?» አሉ ወይዘሮ ወርቂቱ።

«ጠይቄያታለሁ። ጤነኛ ልጅ ራሱ ይውጠዋል፣ ወይ ያስለዋል።»

«ነርሷን አገባሃት እንዴ፣ ነጋ ጠባ እሷን የምትጠራው?»

«ብትቀበለኝ» አሉ አቶ ዘነበ፣ ምስማሩን በከንፈራቸው እንደያዙ።

አሁን ከድንኳኑ የባለሱቋ የሀዲጃ ድምፅ ወደ ጓዳ ይሰማል።

«ልጁ ሊወለድ ሲል ይሄ ዘነበ ሱቄ መጣና 'የሲጋራ ጭስ ለሕፃን መጥፎ ነው ተብያለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ብለምንሽም እንዳትሸጪልኝ' ብሎ አስማለኝ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ለመነኝ። እምቢ አልኩት። ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነፈገኝ። ከዚያ በሲጋራው ፈንታ ከረሜላ ጀመረ። ያቺን የቀረችውን ጥርሱን የጨረስኩበት እኔ ነኝ።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። የወይዘሮ ወርቂቱ ከንፈርም ፈገግ አለ፤ ከዚያ ክንዳቸው እየከበደ ልጁ ላይ ወረደ።

መነን ተንበረከከች።

«እማማ፣ እንቅልፍ እየወሰደዎት ነው። አልጋው ላይ ላስተኛው።»

«እኔን ነው የምትፈሪው?» ዓይናቸው ተገለጠ። «አምስት ልጅ በዚህ ደረት ላይ አሳድጌያለሁ።»

«አውቃለሁ። እኔም ጸሐይን ከጎኔ አድርጌ ነው የተኛሁት።»

አማቷ በክርናቸው ቀና አሉ።

«አላጠፋሽም ብለውኛል አባባ፤ እሱን ይዤ ነው የቆምኩት» አለች መነን። «ልጁ ዛሬ እርስዎ ክንድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን፣ እራት ላይ ቆመው ለእርስዎ የሚናገሩልዎ አባባ የሉም።»

ወይዘሮ ወርቂቱ ተነስተው ተቀመጡና ጋቢውን መፍታት ጀመሩ። የልጁ ፊት ቀልቷል፤ ጸጉሩ በላብ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል።

«ሙቀት አታብዙበት ይል ነበር» አሉ በመዳፋቸው ላቡን እየጠረጉ። «ነገረኛ ሰውዬ።» ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። «ገሪማ፣ ብርጭቆህን ሌላ ቦታ ውሰድ። ባለቤቱ ሊተኛ ነው።»

ገሪማ አልጋውን በፎጣ ጠርጎ ይዞ ገባ። ብርጭቆውን ሁሉ ለማንሳት ቅድም የሳቁትን ሴቶች ማሰለፉን፣ አንዷም እንዳሽሟጠጠችው ተናግሮ ወጣ። መነን ፍራሿን አነጠፈችና እንድርያስን በጀርባው አጋደመችው። ልጁ እጆቹን ወደ ላይ ወርውሮ አዛጋ፤ ተመልሶ ተኛ።

«አሁን ይረፉ፣ እማማ። እኔ አጠገቡ ነኝ።»

«እሺ» አሉ ወይዘሮ ወርቂቱ። ግን አልተኙም። ጋቢውን አጣጥፈው ተቀመጡበትና ጠቋሚ ጣታቸውን በምራቃቸው አርጥበው፣ ሳያስነኩ ከልጁ አፍንጫ ሥር ያዙት። አቶ ዘነበ ባረፉበት ማለዳ ያንኑ ጣት በባላቸው አፍንጫ ሥር ይዘው ብዙ ሲጠብቁ መነን አይታቸዋለች።

«ጣቴ ይቀዘቅዛል» አሉ ቀስ ብለው። «ይተነፍሳል።»

ጣታቸው ሲደርቅ እንደገና አረጠቡትና መለሱት።