ጋሼ ዲበኩሉ ያልነኩት ኮምፒውተር

ጋሼ ዲበኩሉ ኮምፒውተራቸውን የገደሉት ቅዳሜ ጠዋት፣ ማሽኑ በሙሉ ጤንነቱ ላይ ሳለ ነው። ጥፋቱ መዘግየት ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ከባለቤቱ አይብስም። ጋሼ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። የዚያን ዕለት በስልካቸው አንድ ቪዲዮ አዩ፤ አንድ ወጣት «ኮምፒውተርዎን በሁለት ደቂቃ ያፍጥኑ» ይላል። እንደተባሉት ማሽኑ ሲነሣ ቁልፍ ተጭነው ሴቲንግ ውስጥ ገቡ፤ ዲስኩ የሚሠራበትን መንገድ ከአይ ዲ ኢ ወደ ኤ ኤች ሲ አይ ቀየሩና አስቀምጠው ወጡ።

ፍጥነት ከተባለ ፈጠነ። ሰማያዊ ገጽ ብልጭ ያደርግና ይጠፋል፤ ይነሣል፤ ደግሞ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ተመልሰው ሊያስተካክሉ ቢሞክሩ የቱን ቁልፍ ተጭነው እንደገቡ ጠፋቸው። ቪዲዮውን ደግመው እንዳያዩ ኔትወርኩ ሄዷል።

ውስጡ ያለው ነገር ባይኖር፣ እንኳን ኮምፒውተሩ ጠረጴዛውም ገደል ይግባ ባሉ ነበር። ግን አሥራ አንድ ዓመት የለፉበት መጽሐፍ እዚያ ውስጥ ነው። የያዮ ጫካ ዛፎች፣ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት፣ የኦሮምኛ ስማቸው፣ የሚያብቡበት ወር፣ ንብ ከእያንዳንዳቸው የምታወጣው ማር። ይህን ሁሉ የነገሯቸው ኦቦ ጎንፋ የሚባሉ ቀፎ ሰቃይ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም፣ ጫካውን ግን ቅጠል በቅጠል ያውቁት ነበር። ባለፈው ዓመት ሞቱ። በእጅ የተጻፉትን ደብተሮች ደግሞ ጋሼ «ተይበነው የለም እንዴ!» ብለው ከሰል አቀጣጥለውባቸዋል።

ስለዚህ ማሽኑን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በዝናብ፣ በኩማ ባጃጅ ወደ መናኸሪያው መንገድ ወረዱ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር «ሱታ፣ ኩማ፣ ሱታ! ቀስ በል!» እያሉ ባለባጃጁን ልጅ አስጨነቁት።

የሚሄዱት ወደ ጌድዮን ሱቅ ነው። ጌድዮን ተማሪያቸው ነበር፤ ዛሬ የመቱ ከተማን ኮምፒውተር ሁሉ የሚያክም እሱ ነው። መድኃኒቱ ግን አንድ ነው። ቫይረስ ገባበት ቢሉት ፎርማት፣ ዘገየብኝ ቢሉት ፎርማት። ደምስሶ እንደ አዲስ ይጭናል። የከተማው ሰውም ጠባዩን አውቆ ኖሯል፤ የሚሳሳለትን ነገር «ዲ» በሚባለው የዲስኩ ክፍል ያስቀምጣል፣ ጌድዮን የሚደመስሰው «ሲ»ን ብቻ ነውና። ይህን ያልሰማ ሰው ቢኖር ጋሼ ዲበኩሉ ናቸው። መጽሐፋቸው ማሽኑ ሲከፈት ፊት ለፊት በሚታየው ገጽ ላይ ተቀምጧል፤ እሱም የ«ሲ» ግቢ ነው።

«ጋሼ፣ ምን የነኩት ነገር አለ?» አለ ጌድዮን፣ ወንበር ካቀረበላቸው በኋላ።

ጋሼ ይህን ልጅ አንድ ጊዜ ማይክሮስኮፕ ነክተሃል ብለው፣ በክፍሉ ተማሪዎች ፊት፣ ከላቦራቶሪ አስወጥተውታል። «ያልገባህን አትንካ!» ብለው።

«እኔ? ምን እነካለሁ!» አሉ። «መብራት ሄዶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው።»

በመቱ ጥፋትን በመብራት ላይ የሚያሳብብ ሰው ምስክር አይጠየቅም። ጌድዮን ማሽኑን ከፈተ፣ ሴቲንጉ ውስጥ ገባ፣ አንድ መስመር ላይ ትንሽ ቆየ። ቀና ብሎ መምህሩን አያቸው። ከሴቲንጉ ወጣና አዲሱን የሚጭንበትን ፍላሽ ሰካ።

«እንግዲህ ፎርማት ነው። ጽሑፍዎ ዲ ላይ ነው አይደል?»

ጋሼ ዲ የሚባለው ምን እንደሆነ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ። የገዛ ተማሪያቸውን መጠየቅ ግን ከበዳቸው።

«አዎ» አሉ።

የዲስኩ ክፍሎች ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ጌድዮን ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ እንደገና ዞረ። «ዲ ባዶ ይመስላል፣ ጋሼ። እርግጠኛ ነዎት?»

«አዎ አልኩህ እኮ!»

«እሺ፣ ጋሼ።»

የገተማ ዛፍ ማር ነጭ ነው፤ የበካኒሳ ምሬት አለው። ሌሎቹን ሦስት መቶ አሥራ አምስት በቃላቸው ሊቆጥሩ ቢሞክሩ አልመጣላቸውም። ከእንግዲህ ያዮ ድረስ ቢሄዱም የሚነግራቸው የለም። የጌድዮን ጣት ወደ ታች ሲል አዩ።

«አንሣ! ጣትህን አንሣ!» ብለው ተነሡ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «ነክቻለሁ። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ የዲስኩን መንገድ የቀየርኩት እኔ ነኝ። መጽሐፉም ዲ ላይ አይደለም። ዋሸሁህ።»

ጌድዮን አልተገረመም። ፍላሹን ነቀለ፣ ሴቲንጉ ውስጥ ገባ፣ በቀጥታ ወደዚያችው መስመር ሄዶ ወደ አይ ዲ ኢ መለሳት። ማሽኑ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ተነሣ፤ ሰማያዊው ገጽ አልመጣም። መጽሐፉ ፊት ለፊት፣ ቦታው ላይ ነበር። ጋሼ ከፍተው እስከ መጨረሻው ገጽ ወረዱ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት።

እፎይ ካሉ በኋላ ነው ነገሩ የከነከናቸው።

«መስመሩን ሳታስስ እንዴት አገኘኸው?»

«ቅድም ስገባ አይቼዋለሁ። መብራት ያን መስመር አይቀይርም።»

«አይተህ ነው ዝም ያልከው? ዲም ባዶ መሆኑን እያየህ?»

«እርስዎ አልነካሁም አሉ እኮ፣ ጋሼ። ዲ ላይ ነውም አሉ።» ጌድዮን ጥያቄው ራሱ የገረመው ይመስል ነበር። «መምህሬ ይዋሻሉ ልበል?»

«ልትደመስሰው ነበር እኮ።»

«አዎ» አለ፤ «ልደመስሰው ነበር።»

ጋሼ ዲበኩሉ አፈሩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሲያስተምሩ እንዲህ አፍረው አያውቁም። ዝናቡ የሱቁን ቆርቆሮ ይደበድባል። የወደቀውን ወንበር አነሡና ከልጁ ጎን አስጠግተው ተቀመጡ።

«ይህ ዲ የምትለው ነገር» አሉ፤ «ምን እንደሆነ አላውቅም። አስተምረኝ።»