ጸረ ፌስታል

ሰፈሩ የሚጠራው «ጸረ ፌስታል» እያለ ነው። ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከአንድ ትልቅ ዓሣ ሆድ የተጠቀለለ ፌስታል አውጥቶ ቤቱ የመጣ ቀን፣ «ከዛሬ ጀምሮ ፌስታል በዚህ በር ከገባ እኔ እወጣለሁ» አለ። ሚስቱ ሳቀችበት። ሰውየው ግን ወይ ፍንክች። ዘይት በጠርሙስ፣ ዳቦ በጨርቅ ከረጢት፣ ሥጋ በጣሳ ሆነ። ባለሱቁ ፌስታል ሲመዝ፣ «ተው ወንድሜ፣ ባሕሩ ጠግቧል» ይለዋል። ሚስቱ መጀመሪያ በሰው ፊት ታፍር ነበር። ኋላ ጣሳዋን ከረሳች ከገበያ መንገድ የምትመለስ ሆና አረፈችው።

ሰው ሲያሾፍበት፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። እንዲያው ይበል እንጂ፣ ሃምሳውንም ብቻውን ተሸክሞ ነው የኖረው።

አሁን ያ ሰው አልጋ ላይ ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎኑንና አንደበቱን ወሰደበት። ውሃ በብርጭቆ ሲሰጡት ትን ይለዋል፤ በማንኪያም ያው። ነርስ የሆነችው ልጃቸው መቶ የፕላስቲክ መጠጫ ስትሮ የያዘ ፓኬት አምጥታ፣ «እማዬ፣ በቀን አንድ። ለነገ ብለሽ አጥበሽ እንዳታስቀምጪ፣ ጀርም ይይዛል፤ ሳንባው አይችልም» አለቻት። አባትየው ስትሮውን ሲያይ ጥርሱን ገጥሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የብረቱን ሞከሩለት፤ ድዱን አደማው። የወረቀቱ አፉ ውስጥ ላሸቀ።

ዳይፐሩንና ጓንቱን ሚስቱ እሱ ሲያንቀላፋ ጠብቃ ነበር በጓሮ በር የምታወጣው። ስትሮውን ግን እንዴት አድርጋ ትሸሽገው?

ሁለት ቀን ውሃ እንቢ አለ። ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ።

«ነገም ካልጠጣ ሆስፒታል አስተኝተን ግሉኮስ ነው» አለች ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የዚያም ከረጢቱ ፕላስቲክ፣ ቱቦው ፕላስቲክ። ያውም ኩላሊቱ ከጠበቀን።»

ሚስትየው አጠገቡ ተቀመጠች።

«ስማኝ። ብትሞትለት ባሕሩ አያውቅህም፤ የማውቅህ እኔ ነኝ። ለሱ ዕድሜህን ሙሉ ሰጥተኸዋል። ይህችን ለኔ ተውልኝ።»

ስትሮውን ወደ ከንፈሩ አስጠጋች። አለቀሰ። ከዚያ አፉን ከፈተና ጠጣ።

ከዚያ ወዲህ ሳያንገራግር ይጠጣል። እሷም እፎይ አለች። ያለቀለት ስትሮ የት እንደሚገባ አልጠየቀችም፤ ልጄ ትጥለዋለች ብላ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንሶላ ልትቀይር ወደ ጎን ስታዞረው፣ ከፍራሹ ሥር፣ ደህና እጁ በሚደርስበት በኩል፣ አሥራ አንድ ስትሮ ተደርድሮ አገኘች። እያንዳንዱ ተጠርጓል። ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ አያት።

ባሕር እንዳይደርሱ ነው። ሌላ የሚችለው ነገር ስላልቀረ ደበቃቸው።

የዛሬውን ከብርጭቆው አውጥታ ጠረገችና ከሌሎቹ ጎን አስገባችው። አንሶላውን ወጥራ አነጠፈች። እሱም በደህና እጁ እጇን አጥብቆ ያዘ።

ከጓሮው በር ሥር የሳምንቱ ዳይፐርና ጓንት በትልቅ ጥቁር ፌስታል ተቋጥሮ ቆሟል። እሷ ቀና ስትል እሱ የሚያየው ወደዚያ ነው። እስኪያንቀላፋ ልጠብቅ ብላ እጇን ሳትነጥቀው ተቀመጠች። አላንቀላፋም። የቆሻሻ መኪናው ጥሩምባ ከመንገድ ተሰማ፤ አንዴ፣ ደግሞ ቀረብ ብሎ።

«መጣሁ» አለችው። እጇን ቀስ ብላ አላቀቀች፣ እያያት ፌስታሉን አነሳችና ወጣች።