ማውስ የደበቀው ሙሽራ

ኔሪያ ሽማግሌ ሊልክ ሁለት ቀን ሲቀረው ሐጊት ናቀችው። ልብ በሉ፣ አልተጣላችውም፤ ናቀችው። ጠብ በሽማግሌ ይበርዳል፤ ንቀትን ግን የትኛው ሽማግሌ ሸምግሎ ያውቃል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ሁለት ዓመት ሙሉ በኢንተርኔት የተኩስ ጨዋታ ሲጋጠሙ ኖረዋል፤ እሷ ባሕር ዳርቻው ካለው ሆቴል እንግዳ ስትቀበል ውላ ስትመለስ፣ እሱ ፖሌግ ሰፈር ከሚሠራበት መጋዘን ሲወጣ፣ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው። የጨዋታው ሕግ ሁሉም በሻላት፣ በሁለት አውራ ጣት በሚነዳው መቆጣጠሪያ፣ እንዲጫወት ነው። ኔሪያ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ባሸነፈ ቁጥርም «ሞቴክ፣ የኔ ማር፣ ምን ላድርግሽ፣ የሴት ጣት እኮ ሰነፍ ነው» ይላታል። ሞኟ ሐጊትም አምናው አውራ ጣቷ ውሃ እስኪቋጥር ትለማመድ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ሳትናገር ራማት የዲዲም ሰፈር እነኔሪያ ቤት ሄደች። ደመቀች የምትባለው እናቱ በሩን ከፍታ «ግቢ ልጄ፣ ክፍሉ ነው» አለቻት። ጌታው ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ኪቦርድ፣ በቀኝ እጁ ማውስ፣ በማውሱና በጨዋታው ማሽን መካከል የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን። ሳጥኗ ሥራዋ ማታለል ነው፤ ማሽኑን «ይህ ማውስ ሳይሆን ሻላት ነው» ትለዋለች። አውራ ጣት እንደ ማውስ ስለማይፈጥን ደግሞ ማሽኑ ባለ ሻላቱን ሲያነጣጥር ትንሽ ያግዘዋል። ያንንም እገዛ ይኸው ጀግና ይወስዳል። በሁለት ቢላ መብላት ማለት ይህ ነው፤ የሽማግሌን ምርኩዝ ነጥቆ ሽማግሌውን መምታት! ሐጊት በሩን ቀስ ብላ መልሳ ወጣች፤ የመኪና ማቆሚያው ጋ ስትደርስ አለቀሰች። ይወደኛል ያለችው ሰው ለካ ሁለት ዓመት ሲስቅባት ነው የኖረው።

ያም ሆኖ ትወደው ነበርና አንድ በር ተወችለት። በሰው ፊት ሻላት ይዞ ቢሸነፍ ታገባዋለች።

ዓርብ ጧት ሽማግሌዎቹ እነሐጊት ቤት መጡ። በድሮው ወግ አግቢው አብሮ አይመጣም፤ ሐጊት ግን ና ብላው ነበርና ኔሪያ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ተከተላቸው። አንደኛው ሽማግሌ አባ ገበየሁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ለአባቷ ለአቻምየለህ «ሰባት ቤት ቆጥረናል። ዝምድናም የለ፣ ነውርም አላገኘን» አሉ።

«እኔ አንድ አገኘሁ፣ አባ» አለች ሐጊት።

እናቷ ባንች በክርኗ ጎሸመቻት። ማን ሊሰማ! ሐጊት ቴሌቪዥኑን ከፍታ ሻላቱን ኔሪያ ጭን ላይ አኖረች። «እስቲ ያለ ማውስ ግጠመኝ። አንድ ዙር ብቻ።»

የኔሪያ ፊት አመድ መሰለ። «ሐጊት፣ ዜ ራክ ሚስኻክ! ጨዋታ እኮ ነው! ማውስ ችሎታ ነው። በአውራ ጣት መጫወት የሕፃን ነው፣ ማሽን እያገዘው።»

«ችሎታ ከሆነ ለምን ደበቅኸው? የሕፃን ከሆነስ እገዛውን ለምን ወሰድህ?»

«ኧረ ምንድር ነው ነገሩ?» አሉ አባ ገበየሁ። ሐጊት አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ስለ ማሽን የሚያውቁት የለም፤ ውሸታም ግን ስንቱን ሸምግለዋል። «በል ልጄ፣ አንዴ ተጫወትላት» አሉት። «መሸነፍ ነውር አይደለም።»

ኔሪያ ሻላቱን አነሳ። ሐጊት ተሸነፍልኝ፣ እባክህ ተሸነፍልኝ እያለች በልቧ ለመነችው። አውራ ጣቱን ነካ ሲያደርግ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ወታደሩ ሄዶ ከግድግዳ ጋር ተላተመ። ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ ዘመዱ ሳቅ አመለጣቸው። ኔሪያ ወዲያው ሻላቱን አስቀምጦ የእጁን አንጓ ያዘ።

«ከትናንት ጀምሮ እጄን ያመኛል» አለ።

ማንም አላመነውም። አባ ገበየሁ ባርኔጣቸውን አንስተው ተነሡ፤ አቻምየለህም እስከ ደጅ ሸኛቸው።

ኔሪያ ወደ ኋላ ቀርቶ ደረጃው ላይ ዞር አለ። «ብሸነፍ ምን ታተርፊ ነበር? ልትስቂብኝ ነው?»

«አገባህ ነበር» አለችውና በሩን ዘጋች።