ተሸካሚው ዱቄት

ማጣሪያው ሲከፈት የፕላስቲክ ብናኝ በፎርማኑ ፊት ላይ ቦነነ። ከማሽኑ መውጣት የነበረበት እንደ ስኳር ያለ ፍሬ ነበር።

"ሙቀቱን አብዝተህበት ነው!" አለ የምርት ኃላፊው። "ከእንግዲህ ማሽኑን እንዳትነካ። ነገ ጉዳይህ ይታያል።"

"ኧረ አለቃ፣ ሙቀቱ ንቅንቅ አላለም!" ማን ሰምቶት።

የፎርማኑ ሚስት እዚያው ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ኬሚስት ናት። ፕላስቲኩ እንዲሠራ የሚያደርገው ካታሊስት ብቻውን ማሽን ውስጥ አይገባም፤ ነጭ የሲሊካ ዱቄት ይሸከመዋል። አዲሱን ዱቄት የመረጠችው እሷ ናት። ካታሊስቱን ጥሩ አድርጎ ስለያዘ ኃላፊው በስብሰባ አስጨብጭቦላት፣ የላቦራቶሪው ሹመትም የእሷ እንደሆነ ሹክ ብሏት ነበር።

ብናኙን በማይክሮስኮፕ አየችው። ልጅ ወላጁን እንደሚመስል፣ የፕላስቲኩ ፍሬም የተሸካሚውን ዱቄት ቅርጽ ይወርሳል። የምታየው ግን ስብርባሪ ነበር። ከአዲሱ ዱቄት ቆንጥራ በሁለት ስስ መስታወቶች መካከል ጫን አደረገችው፤ እንክትክት አለ። የድሮውንም እንዲሁ ሞከረችው፤ ምንም አልሆነም። ክው አለች። ስትመርጠው ምን ያህል እንደሚይዝ እንጂ ምን ያህል ጫና እንደሚችል አልፈተነችም።

ባሏ ብቅ አለ። ፀጉሩና ቅንድቡ ነጭ ሆኗል።

"ሳታስቢው አረጀሁብሽ" አላት።

ሳቅ አልመጣላትም። "ምን አሉህ?"

"ሊያግዱኝ ነው መሰለኝ። ግን እውነቴን ነው፣ ሙቀቱን አልነካሁም። አንቺ እንኳ ታምኚኛለሽ?"

"አምንሃለሁ። ጥፋቱ የዱቄቱ ነው። የኔው ዱቄት።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"ለሌላ ሰው ተናግረሻል?"

"ገና አሁን ማየቴ ነው።"

"እንግዲያው ዝም በይ። ሹመትሽ ይውጣ፣ ዱቄቱን ቀስ ብለሽ ትቀይሪዋለሽ። እኔ እንደሆንኩ ሥራ አላጣም፤ ካጣሁም ልጆቹን እጠብቃለሁ፣ ወጥም እሠራለሁ።"

"አንተ ወጥ ስትሠራማ ልጆቹ ከቤት ይጠፋሉ።"

አሁን ሁለቱም ሳቁ። እሷ ግን ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። ለአፍታ ያህል ሐሳቡ ጥሟት ነበርና በራሷ አፈረች።

ባሏ ተነሥቶ ወደ መታጠቢያው ሄደ፤ ቧንቧውን ሊከፍት እጁን ዘረጋ።

"ፊትህን እንዳትታጠብ" አለችው።

"ለምን?"

"ኃላፊው የኔ ዱቄት እንዴት እንዳደረገህ ይይ።"

አዲሱ ዱቄት የተሰባበረባቸውን ሁለት መስታወቶች በአንድ እጇ፣ የባሏን እጅ በሌላው ይዛ ወደ ኃላፊው ቢሮ አቀናች።