ድምፅ የተሰጠበት ካፖርት

የንባብ ማኅበሩ የመጽሐፍን ትርጉም የሚወስነው እጅ በማውጣት ነው። ዘጠኙ አባላት ሐሙስ ሐሙስ ከቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል ይሰበሰባሉ፣ ይከራከራሉ፣ እጅ ይቆጠራል፤ ያሸነፈው ትርጉም በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ማኅተም ያርፍበታል። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ሌላ ነገር ማለት አይችልም። ደራሲው ራሱ ቢመጣ እንኳ አጀንዳ ካልተያዘለት የሚናገር አይመስለኝም።

በዚያ ሳምንት የተነበበው ልብ ወለድ ባሏ ሄዶ የቀረባት ሴት ታሪክ ነበር። ሴትዮዋ በየዓመቱ የባሏን ካፖርት ከሣጥን ታወጣለች፣ ስፌቱን ፈትታ መልሳ ትሰፋዋለች። ሰብሳቢዋ፣ ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህርት፣ መነጽራቸውን አስተካክለው «ካፖርቱ ታማኝነት ነው» አሉ። ስምንት እጅ ተነሣ።

ያልተነሣው የልብስ ሰፊው እጅ ነበር። ሜትር ከአንገቱ ስለማይወርድ «አቶ ሜትር» ይሉታል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሱቁ ውጪ ሰው የሚያገኘው እዚህ ብቻ ስለሆነ፣ ሐሙስን የሚጠብቃት እንደ ዘመድ ነው።

«መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር አላያችሁትም እንዴ?» አለ። «መጀመሪያ ትከሻው ሃምሳ ሳንቲ ነበር፤ ቀጥሎ አርባ ስድስት፤ መጨረሻ ላይ አርባ። እዚህ ውስጥ የትኛው ወንድ ይገባል? ሴትዮዋ ለራሷ እያጠበበችው ነው። እንደማይመጣ ገብቷታል። ደግሞ በርዷታል።»

«ሥነ ጽሑፍ በሜትር አይለካም» አለ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ። ሁሉም ሳቁ፤ ሰብሳቢዋ ብቻ ወረቀታቸውን ያገላብጡ ነበር። በደንቡ መሠረት ቃለ ጉባኤውን ያልፈረመ አባል ይሰናበታልና እስከ ሐሙስ እንዲያስብበት ተነገረው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲል ጸሐፊው መከረው። አቶ ሜትር አንበሳ ሆኖ አያውቅም፤ ቢሆንም ያነበበውን አላነበብኩም ማለት አቃተው። አልፈርምም ብሎ ቆረጠ።

ሰኞ ጠዋት ሰብሳቢዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ሱቁ ገቡ። ሲፈቱት የወንድ ካፖርት ነው።

«ትከሻውን አጥብብልኝ።»

«በማን ልክ፣ እትዬ?»

«በእኔ» አሉና ጀርባቸውን ሰጡት። «ስድስት ዓመት ሙሉ ብሩሽ ስመታው ኖርኩ። ይመጣል ብዬ ነበር።»

አቶ ሜትር ትከሻቸውን ለካ፤ አርባ ሆነ። ቁጥሩን ግን ድምፁን አውጥቶ አልጠራውም።

«ሐሙስስ ምን ይላሉ?» አላቸው።

«ያልኩትን ነዋ። ለስምንት ሰው ምን ብዬ ላስረዳ?»

ሐሙስ ብርድ ነበር። ሰብሳቢዋ ካፖርቱን እንደለበሱ ስብሰባውን ከፍተው ቃለ ጉባኤውን ወደ አቶ ሜትር ገፉት፤ ቀና ብለው ግን አላዩትም። ዛሬ ቢከራከር ያ የትከሻ ነገር እንደገና ይነሣል፤ ዐይን ሁሉ ወዴት እንደሚዞር ደግሞ አላጣውም።

«ካፖርትዎ እንዴት ያምራል፣ እትዬ» አለ ጸሐፊው። «በልክዎ የተሰፋ ነው የሚመስለው።»

አቶ ሜትር ብዕሩን አነሣና ፈረመ።