እትዬ አጥፉ

ሽማግሌው ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ዘረጉላት። «ልጄ፣ እኔ ማጥፋቱን አላውቅበትም። አንቺው አጥፊልኝ» አሏት። የአውሮፕላኑ በር ተዘግቷል። ከስልኩ ውስጥ የሚስታቸው ድምፅ መድኃኒቱን ከምግብ በፊት እንዲወስዱ አጥብቆ ያሳስባል። አስተናጋጇ አውራ ጣቷን ስትጫን «ሃሎ? ሃሎ?» የሚለው ድምፅ መሀል ላይ ተቋረጠ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ስታደርግ ኖራለች። ወጣት ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «እትዬ አጥፉ» ይሏታል። ታውቃለች፤ አትቀየምም። አንድ ጊዜ ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ ያላትን ሰው እንኳ ፊት ሳትሰጥ ስልኩን አስዘግታዋለች። ለአንዱ ፈቅዶ ሌላውን መከልከል አይሆንላትም።

ሽማግሌው ስልካቸውን ኪሳቸው ሳይከቱ የራሷ ስልክ በደንብ ልብሷ ኪስ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

ማን እንደሆነ ለማወቅ ማየት አላስፈለጋትም። አባቷ ዛሬ ጠዋት የልብ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል። እሷ በሥራ ምክንያት ሌላ አገር ነው ያደረችው፤ ወደ እሳቸው የሚያደርሳት የመጀመሪያው በረራ ይኸው ራሷ የምታስተናግድበት ነው። አባቷ ድምጿን ሳልሰማ አልገባም ስላሉ፣ ታናሽ ወንድሟ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ሊያደርግላቸው ቃል ገብቷል። ሐኪሙ ለሁለት ሰዓት ቀጥሮ ነበር። ሁለት ተኩል ሆነ፣ ሦስት ሆነ፤ እሷ ኪሷን እየዳበሰች ስትጠብቅ ተሳፋሪው ገብቶ አለቀ።

ከቀዶ ጥገናው ከወጡ በኋላስ ብላ ትናንት ወንድሟን ጠይቃው ነበር። «በሰላም ከወጡ ከአጠገባቸው ንቅንቅ አልልም፤ አንቺን ለመቀበልም ቢሆን። በታክሲ ነይ፣ እንዳትቀየሚኝ» አላት። ስቃ ነበር።

ስልኩ አሁንም ይንቀጠቀጣል። መጸዳጃ ቤት ገባ ብላ በሩን ብትዘጋ ማንም አያያትም። «አለሁ አባዬ» ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ግን ሽማግሌው ቀና ብለው እያዩዋት ነው። በእሳቸው ላይ የጨከነችው ገና አሁን ነው። አፈረች። እጇን ኪሷ ከታ፣ ሳታወጣው፣ በዳበሳ አጠፋችው።

አራት ሰዓት በረሩ። ውኃ አደለች፣ ትሪ ሰበሰበች፣ የሚያለቅስ ሕፃን አባበለች። ባልደረባዋ ምን ሆነሻል ስትላት ራሴን አሞኛል አለች። የሚያንገበግባት አንድ ነገር ነው። አባቷ አልጋው ላይ ተጋድመው በጆሯቸው የሰሙት እሷን ሳይሆን ያቺን ማንም የማያውቃትን ሴት ነው፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም የምትለዋን። ያንን ሰምተው ገቡ። የምግብ ጋሪውን ይዛ በወንበሮቹ መሀል ቆማ ቀረች፤ አንድ ተሳፋሪ ሻይ መጠየቁን ሁለተኛ ሲደግምላት ነው የነቃችው።

አውሮፕላኑ መሬት ነካ። አሁን ስልካችሁን መክፈት ትችላላችሁ የምትለው እሷ ናት። የድምፅ ማጉያውን አንስታ አፏ ላይ አደረገች፤ የመናገሪያውን ቁልፍ ግን አልተጫነችም። ካልተናገረች ምንም ያልሆነ ይመስላት ነበር። ተሳፋሪው ግን የማንን ፈቃድ ይጠብቃል፤ ከየወንበሩ ቲን ቲን ማለት ተጀምሯል። ተናገረች።

በሩ ሲከፈት ሽማግሌው ከፊት ነበሩ። «ያጠፋሽው አንቺ፣ ክፈቺውም አንቺው» ብለው እንደ ጠዋቱ ዘረጉላት። ከፈተችላቸው። ወዲያው ጠራ። «ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ። መድኃኒቱን? ከበላሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ አትቆጪ» እያሉ ሻንጣቸውን ማውረድ ጀመሩ።

የራሷንም አውጥታ ከፈተች። የወንድሟ መልእክት አንድ ብቻ ነው።

«መውጫው ላይ ቆሜያለሁ። ልወስድሽ መጥቻለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ሽማግሌው ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሏት።

«በደህና ይግቡ አባባ» አለች። ከኋላቸው መቶ ሰው ተሰልፏል። ስልኩን በጀርባዋ ይዛ፣ ለእያንዳንዱ፣ በደህና ይግቡ፣ በደህና ይግቡ ትል ጀመር።