ወደ ኋላ የማይሄደው ሰዓት

አባቴ ሰዓት ማወቅ ሲፈልግ የሚያየው ስልኩን ነበር። የሰበሰባቸው የእጅ ሰዓቶች ለሌላ ነገር ናቸው። ለምን እንደሆኑ ስጠይቀው፣ የጥርስ ሐኪም ነበርና፣ አፌን ሊያስከፍተኝ እንደፈለገ ሁሉ አገጬን ቀና አድርጎ ማጉያ መነጽሩን ዓይኔ ላይ ይደቅናል። ጀርባው መስታወት የሆነ አንዱን ሰዓት ገልብጦ «እዪ» ይለኛል። አያለሁ። ከሰናፍጭ ፍሬ የሚያንሱ ብሎኖች፣ የሚተነፍስ የሚመስል ጥቅል ሽቦ።

«ቆንጆ ነው» እላለሁ።

«አላየሽም» ይላል።

አዲስ ሰዓት ቤታችን የሚገባው አርጅቶ ነበር። እናቴ «ዶክተር፣ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ስትለው፣ «ምን ከየት መጣ አለው፣ ድሮ የነበረ ነው» ይላል።

«ድሮ የነበርኩትስ እኔ ነኝ። እኔን ግን በማጉያ አይተኸኝ አታውቅም!»

ከሁሉም አብልጦ የሚወደው አንዱን ነበር። ቀኑን፣ ወሩን፣ የጨረቃን ሙላትና ጉድለት፣ ዓመቱን ሳይቀር በአራት አሃዝ ያሳያል። ባትሪ የለውም። የትኛው ወር ሠላሳ፣ የትኛው ሠላሳ አንድ እንደሆነ፣ ፌብሩዋሪ መቼ አንድ ቀን እንደምትጨምር ማንም ሳይነግረው ያውቃል። «የሠራው ሰው እሱ ራሱ ለማያያት ፌብሩዋሪ ተጨንቆ ነው የማርሹን ጥርስ የሞረደው» ይለኝ ነበር። ይህ ሰዓት ከተሠራ ጀምሮ ጀርባው ተከፍቶ አያውቅም። ለሰብሳቢዎች ትልቅ ነገር ነው፤ አንዴ ከተከፈተ የሰው እጅ የገባበት ነው፣ አለቀ።

ኖቬምበር ላይ አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሲመለስ ሰዓቱን የሚሞላው አጥቶ ቆሞ አገኘው። ለማስተካከል ጎኑ ላይ ያለችውን ነጥብ የምታህል ቁልፍ በቀጭን መውጊያ መጫን ነው። አንዴ ሲጫኑት ወሩ ወደ ፊት ይሄዳል። ወደ ፊት ብቻ፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አጠገቡ ተቀምጬ መውጊያው ስቶ ቁልፏን ደጋግሞ ሲጫን አየሁ። እኛ ኖቬምበር ላይ ቀርተን ሰዓቱ ማርች አንድ ላይ ደረሰ።

«አባዬ፣ አለፍከው።»

«አይቻለሁ።»

ዕድሜውን ሙሉ ሰው አፍ ውስጥ ስቶ የማያውቅ እጁን ጠረጴዛው ሥር ደበቀው።

ያለው መንገድ ሁለት ነው። ወይ ሰዓት ሠሪ ጀርባውን ከፍቶ ወሩን ይመልሰዋል፣ ወይ ሰዓቱ እንደቆመ ይቀመጥና ቀኑ እስኪደርስበት ይጠበቃል።

«እንጠብቀዋለን» አለ አባቴ።

«እስከ ማርች? ለሰዓት?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ማርች በገባ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት እኔው ራሴ እሞላዋለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው።» ሳጥኑን ዘጋው።

እኔንና ታላቅ ወንድሜን ግን የሆስፒታሉ ሐኪም ኮሪደር ላይ ጠርቶ አባቴ ዲሴምበርን እንደማያልፍ ነግሮን ነበር። ለአባቴ የነገረው የለም። መንገርም አያስፈልግም፤ የራሱን የራጅ ፎቶ ማንበብ አያቅተውም።

ዲሴምበር አለፈ። ጃንዋሪም አለፈ። አባቴ ፊቱን እያጨማደደ ሾርባውን ይጨርሳል። «ለማርች ቀጠሮ አለብኝ» ይላል፣ ወንበሩ ላይ በሽተኛ እንደሚጠብቀው ሁሉ። ሰዓት የሚባል ነገር ስታይ የሚያማት እናቴ የዚያን ሳጥን አቧራ በየጠዋቱ መጥረግ ጀመረች።

ወንድሜ ደግ ነው። ደግነቱ ደግሞ ሰው አይጠይቅም። ፌብሩዋሪ እንደገባ አባቴ ተኝቶ ሳለ ሰዓቱን አውጥቶ ወሰደው፤ ባዶውን ሳጥን ዘግቶ በቦታው መለሰው። ይዞት ሲመለስ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር።

«አባዬ፣ ዓይንህን ጨፍን።»

አባቴ ጨፈነ። ወንድሜ ሰዓቱን መዳፉ ላይ አኖረለት። አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ አወቀ፤ ሰዓቱ ይሄዳል። ብዙ ቆይቶ ገለጠና ቀኑን አየ። የዕለቱ ቀን ነው፤ ፌብሩዋሪ። ማጉያውን ከእኔ ተቀብሎ ጀርባውን ገለበጠና ጠርዙን ዞረው። አንድ የመክፈቻ ጭረት ላይ ቆመ።

«ማን ጋ አስከፈትከው?»

«ምርጡ ሰው ጋ ነው! ስታየው እንደ አዲስ አይደለም? በቃ፣ ከእንግዲህ መጠበቅ የለብህም።»

«አዎ፣ የለብኝም» አለ አባቴ። «ሰውየው እጁ ጥሩ ነው።» ማጉያውን ለእኔ መለሰልኝ፣ ሰዓቱን ለወንድሜ ዘረጋለት። «እንካ፣ አንተ እሰረው።»

ኮሪደር ላይ እናቴ ወንድሜን ክንዱን ይዛ አስቆመችው። «ልኩል ብለህ ዓይን አጠፋህ!»

«ምን አጠፋሁ እማዬ? የቆመ ሰዓት አስኬድኩ!»

እኔ ማጉያውን ወስጄ ባዶው ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ አባቴ ሾርባውን አልነካም። በየጠዋቱ በተራ የሚሞላቸውን ሌሎቹን ሰዓቶችም አልሞላም። ወንድሜ «እኔ ልሙላልህ?» ሲለው «ተዋቸው፣ ይረፉ» አለው። አንድ በአንድ ቆሙ። የአባቴ ክፍል ድምፅ እንደነበረው ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ወሩ ሳያልቅ አባቴን ቀበርነው።

የማርች የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ወንድሜ ወጥ ቤት መጥቶ ሰዓቱን ያሰረበትን እጁን ዘረጋልኝ። «እዪ» አለኝ፣ ልክ እንደ አባቴ። «ትናንት ሃያ ስምንት ነበር። ዛሬ ማንም ሳይነካው ወደ አንድ ዘለለ!» ዓይኑ ቀልቷል።

አየሁ። ልክ ነበር። የሚወጣለት እንከን አልነበረም።

እናቴ ከአባቴ ክፍል አንሶላ ጠቅልላ ይዛ ወጣች። ከቀብሩ ወዲህ ቀን ጠፍቶባታል።

«ዛሬ ስንት ነው?» አለች።

ወንድሜ እጅጌውን ሰዓቱ ላይ ጎተተው።

«ቆይ፣ ስልክ ላይ ልይልሽ» አለና ኪሶቹን መፈተሽ ጀመረ።